ከጥቃት ቤት ወደ ሴቶች ማረፊያ፦ ሳይታወቅብሽ የምትወጪበት ቅደም ተከተል

ከሚደበድባት ሰው ቤት ለመውጣት የሞከረች ሴት ብዙ ጊዜ የምትሰናከለው ቅደም ተከተሉ ስለሚገለበጥባት ነው። በንዴት መሀል «ጥዬህ እሄዳለሁ» ትለዋለች፤ እሱ መታወቂያዋንና የልጆቹን የልደት የምስክር ወረቀት ይደብቃል። እህቷ ቤት ታድራለች፤ በማግስቱ ሽማግሌ ይላካል። ፖሊስ ጋ ሳትደርስ፣ የሕክምና ማስረጃ ሳይኖራት በሦስተኛው ቀን ትመለሳለች። ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ አሁን እሱ የት እንደምትሄድና ማን እንደሚረዳት አውቋልና።

ስለዚህ መጀመሪያ በምስጢር መዘጋጀት፣ ቀጥሎ መውጣት፣ ከዚያ ሕክምናና ፖሊስ፣ ከዚያ ማረፊያ ይመጣል። ሽማግሌና የፍቺ ጉዳይ የመጨረሻዎቹ ናቸው። መመሪያው የአዲስ አበባን አሠራር ይከተላል፤ በክልል ከተሞች የቢሮዎቹ ስም ሊለያይ ይችላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

አሁን አደጋ ላይ ከሆንሽ ቀሪውን አታንብቢ። ለፖሊስ 991፣ ከቆሰልሽ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውዪ። መደወል ካልቻልሽ ወደ ውጭ በር ቅረቢ፤ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት አትግቢ። ወጥ ቤት ቢላ አለ፣ መታጠቢያ ቤት ሌላ መውጫ የለውም።

## ደረጃ 1፦ አደጋው ምን ያህል እንደቀረበ ለዪ

ለዝግጅት ጊዜ አለሽ ወይስ ዛሬውኑ መውጣት አለብሽ? ከሚከተሉት አንዱ ካለ ጊዜ የለሽም፦

- አንድ ጊዜም ቢሆን አንገትሽን አንቆሽ ያውቃል።
- በሽጉጥ፣ በቢላ፣ በገጀራ፣ በቤንዚን ወይም በአሲድ አስፈራርቶሻል።
- «እገልሻለሁ» ወይም «ልጆቹንም አንቺንም ጨርሼ ራሴን አጠፋለሁ» ብሏል።
- እርጉዝ ሆነሽ መቶሻል።
- በቅርብ ወራት ድብደባው በዝቷል ወይም ከብዷል።
- ልትሄጂ እንደሆነ ጠርጥሯል።

ማነቅን ለይተን እንናገራለን፣ ምክንያቱም ሴቶች ራሳቸው ያቃልሉታል። «ያዘኝ እንጂ አልመታኝም» ይላሉ። አንቆ የሚያውቅ ሰው በሌላ ቀን ሊገድል የሚችልበት ዕድል በጣም ከፍ ያለ ነው። አንገት ላይ ምልክት ባይታይ እንኳ የውስጥ እብጠት ከሰዓታት በኋላ ሊመጣና መተንፈሻ ሊዘጋ ይችላል። ድምፅሽ ከሻከረ፣ መዋጥ ካቃተሽ፣ ዓይንሽ ውስጥ ቀያይ ነጠብጣብ ካየሽ፣ ራስሽን ስተሽ ከነበረ ወይም ሽንትሽ ካመለጠሽ በቀጥታ ሆስፒታል ሂጂ። ለሐኪሙም «መታኝ» ብቻ ሳይሆን «አንቆኛል» ብለሽ ንገሪው፤ ካልነገርሽው አንገትሽን ላይመረምር ይችላል።

ከላይ ካሉት አንዱ ካለ ከደረጃ 2 እስከ 5 ያለውን ዝለዪ። መታወቂያሽንና ልጆችሽን ይዘሽ ወደ ደረጃ 6 እለፊ። ሰነድ በኋላ ይተካል።

## ደረጃ 2፦ አንድ ረዳት ብቻ ምረጪ

ሁለት ሰው ብዙ ነው። የምትመርጫት ሴት፦

- እሱ ቤቷን የማያውቀው፣ ወይም ቢያውቅ እንኳ የማይጠረጥራት ትሁን። የሥራ ባልደረባ ወይም የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ ከእህት ትሻላለች፤ እህትሽ ቤት መጀመሪያ የሚመጣበት ነው።
- የእሱ ዘመድ ወይም የእሱ ዕድር አባል አትሁን።
- «ለልጆችሽ ስትይ ቻዪው» ብላ የማታውቅ ትሁን።

እናትሽን ምስጢሩ ውስጥ አታስገቢ። ፍቅር ጎድሏት አይደለም፤ እሱ እያለቀሰ ሲደውልላት ልቧ ይራራል፣ የምታውቀውን ትነግረዋለች። የማታውቀውን ግን ልትነግረው አትችልም፣ እሷም ከዛቻው ትድናለች።

ከረዳትሽ ጋር ሁለት የምስጢር ቃል ተስማሙ። ለምሳሌ «የእቁቡን ብር ላኪልኝ» ካልሽ ፖሊስ ትጥራ፤ «ነገ በርበሬ እንገዛለን» ካልሽ ነገ ትወጫለሽ ማለት ነው። ቃሉ በተለመደ ወሬ ውስጥ የሚገባ ይሁን፤ እንግዳ ቃል እሱንም ያስጠረጥረዋል።

## ደረጃ 3፦ ስልክ

ከቤት የወጣች ሴት ብዙ ጊዜ የምትገኘው በስልክ ነው።

1. ሲሙ በማን ስም ነው? በእሱ ስም ከተመዘገበ ምትክ ሲም አውጥቶ ወደ አንቺ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ሁሉ መቀበል ይችላል። አዲስ ሲም በራስሽ መታወቂያ አውጪና ረዳትሽ ጋ አስቀምጪው።
2. አዲሱን ሲም አሮጌው ስልክ ውስጥ አትክተቺ። ስልኩ ላይ የተከፈተው የጉግል አካውንት ሲም ቢቀየርም ያለሽበትን ቦታ ያሳያል። ርካሽ ባለቁልፍ ስልክ ከሁሉ ይሻላል።
3. ቴሌግራምና ዋትስአፕ። ሁለቱም ማስተካከያ ውስጥ አካውንቱ በየትኛው ስልክና ኮምፒውተር ላይ እንደተከፈተ የሚያሳይ ዝርዝር አላቸው። የማታውቂውን ካየሽ መልእክትሽን እያነበበ ነው። አሁን ግን አታቋርጪው፣ ወዲያው ይነቃል። እንደማታውቂ ሆነሽ ተራ ወሬ እያወራሽ ቀጥዪ፤ ቁም ነገሩን በረዳትሽ ስልክ አድርጊ። የምታቋርጪው ከወጣሽ በኋላ ነው።
4. ቴሌብርና ባንክ። የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቅ ከሆነ በወጣሽበት ቀን ቀይሪ። የጋራ ሒሳብ ካላችሁ ከማረፊያው አካባቢ ከኤቲኤም ገንዘብ አታውጪ፤ የት እንደወጣ በሒሳቡ መግለጫ ላይ ይታያል።
5. የታክሲ መተግበሪያ። ራይድም ሆነ ፈረስ የጉዞ ታሪክ ያስቀምጣሉ። በራስሽ ስልክ አታስጠሪ።

ስልክሽን የሚያይ ከሆነ ይህን ያነበብሽበትን ገጽና የደወልሽላቸውን ቁጥሮች ብቻ ለይተሽ አጥፊ። ታሪኩን በሙሉ ባዶ ካደረግሽው ባዶነቱ ራሱ ያስጠይቅሻል።

## ደረጃ 4፦ ሰነድና ቦርሳ

ሰነዶቹን በሦስት ክፈያቸው።

ዋናውን የምትወስጂው (የአንቺና የልጆችሽ)፦ የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የልጆች የልደት የምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃሽ፣ በስምሽ ያለ የባንክ ደብተር፣ የሕክምና ካርድ።

ፎቶ ብቻ የምታነሺው፦ የጋብቻ የምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየም ውል፣ የኪራይ ውል፣ የመኪና ሊብሬ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የእሱ መታወቂያና የደመወዝ ወረቀት። ቀለብ ስትጠይቂ ፍርድ ቤቱ ገቢውን ማወቅ ይፈልጋል። ፎቶውን ለረዳትሽ ላኪና ከስልክሽ አጥፊ፤ «በቅርቡ የተሰረዙ» ከሚለው ማህደርም ጭምር።

የምትተዪው፦ የቀረውን ሁሉ። ካርታው ስለቀረ ቤቱ አያመልጥሽም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ ሲፋቱም እኩል ይካፈላል። የጋራ ቤትን ያለሁለቱ ፈቃድ መሸጥ ሕጉ አይፈቅድም። «ቤቱን ጥለሽ ከወጣሽ መብትሽን አጣሽ» የሚለው የሰፈር ወሬ ብዙ ሴት አስቀርቷል፤ እውነት አይደለም።

ሰነዶቹን የሚያስቀምጥበትን ሳጥን እየከፈተ የሚያይ ከሆነ ዋናዎቹን እስከ መጨረሻው ቀን አትንኪ። ፎቶ ካለሽ የጠፋው ይተካል።

ቦርሳው ትንሽ ይሁን፤ ሻንጣ ጎረቤት ያያል። ለአንቺና ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ የምትወስጂው መድኃኒት የሁለት ሳምንት፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ ልጁ ያለሱ የማይተኛው አሻንጉሊት ወይም ጨርቅ፣ ለሦስት የታክሲ ጉዞና ለሁለት ቀን ምግብ የሚበቃ ጥሬ ብር። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ የሐኪሙ ማዘዣ ፎቶ ይኑርሽ፤ ማረፊያው ሳይቋረጥ ሊያስቀጥልልሽ የሚችለው በዚያ ነው። ዕቃውን ጥቂት በጥቂቱ፣ ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ረዳትሽ ጋ አድርሺ። ወርቅሽን ለመጨረሻው ቀን ተዪው፤ ከአንገትሽ ሲጠፋ ይታያል።

## ደረጃ 5፦ ማስረጃ ሰብስቢ

- የተጎዳሽበትን ቦታ ሁለት ጊዜ ፎቶ አንሺ፦ አንዴ ፊትሽ ጭምር እንዲታይ ራቅ ብሎ፣ አንዴ ቀረብ አድርገሽ ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጠሽ። ሳንቲሙ የቁስሉን መጠን ያሳያል።
- ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ደግመሽ አንሺ። በለዝ በመጀመሪያው ቀን አይታይም፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል።
- ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን እንዳደረገ፣ በምን እንደመታሽ፣ ማን እንደሰማ ጻፊ። ደብተሩ ቤት አይቀመጥ።
- የዛቻ መልእክትና የድምፅ ቅጂ አታጥፊ። ቁጥሩና ቀኑ እንዲታይ በሌላ ስልክ ፎቶ አንሺው።
- የተቀደደ ወይም ደም የነካው ልብስ ሳታጥቢ በወረቀት ከረጢት አስቀምጪ። ፌስታል እርጥበት ይይዝና ማስረጃውን ያበላሸዋል።

ማስረጃ የለኝም ብለሽ ግን አትቅሪ። የአንቺ ቃልና የጎረቤት ምስክርነትም ማስረጃ ነው።

## ደረጃ 6፦ ቦታ መኖሩን አስቀድመሽ አረጋግጪ

የማረፊያ አድራሻ ምስጢር ነው፤ በር አንኳኩተሽ አትገቢም። የምትገቢው በሪፈራል፣ ማለትም ከሚከተሉት በአንዱ ተልከሽ ነው፦ ከፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል፣ ከዐቃቤ ሕግ፣ ከወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ወይም ከሆስፒታል የተቀናጀ የአንድ ማዕከል አገልግሎት (ሐኪም፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቦታ የሚገኙበት)።

ለመጠየቅ ሁለት ነፃ መስመሮች አሉ፦ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር 7711 እና አለኝታ 6388። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባ፣ በአዳማና በሐዋሳ ማረፊያ አለው፤ በሌሎች ከተሞችም በማኅበራትና በመንግሥት የተከፈቱ አሉ። የአካባቢሽን የሚያውቀው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። ስምሽን ሳትናገሪ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ረዳትሽም ልትጠይቅልሽ ትችላለች።

ስትደውዪ እነዚህን ጠይቂ፦

1. አሁን ቦታ አለ? ከሌለ ተራ ይያዛል?
2. የሪፈራል ደብዳቤ ከማን ትቀበላላችሁ? በየትኛው ቀንና ሰዓት?
3. ወንድ ልጅ እስከ ስንት ዓመቱ ይገባል? (ይህን ሳትጠይቂ አትውጪ። ብዙ ማረፊያዎች ለወንድ ልጅ የዕድሜ ገደብ አላቸው። በር ላይ ደርሳ «ይሄኛው አይገባም» የተባለች እናት ልጇን አትጥልም፤ ወደ ቤት ትመለሳለች።)
4. እርግዝና፣ የአካል ጉዳት ወይም የአእምሮ ሕመም ካለ ትቀበላላችሁ?
5. የት ቦታ ነው የምትቀበሉኝ?

ቦታ ከሌለ፦ «በሌላ ከተማ አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። በተለይ እሱ ፖሊስ፣ ወታደር ወይም ብዙ ሰው የሚያውቅ ነጋዴ ከሆነ ሌላ ከተማ ይሻላል። መስመሩ ካልተነሳ በሥራ ሰዓት ወረዳው ጋ ረዳትሽ በአካል ትሂድ።

## ደረጃ 7፦ የመውጫው ቀን

ለዝግጅት ጊዜ ካለሽ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ካሉት ቀናት አንዱን፣ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 4 ሰዓት ያለውን ጊዜ ምረጪ። ቢሮ ክፍት ነው፣ እሱም ሥራ ላይ ነው። ዓርብ ከሰዓት አትውጪ፤ ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ከሌለ ቅዳሜና እሑድ መሀል መንገድ ላይ ትቀሪያለሽ። በበዓል ዋዜማም አትውጪ።

1. ጠዋቱን እንደ ሌላው ቀን አድርጊ። ቁርሱን አቅርቢ፣ አትጣዪ፣ ረጅም ስንብት አይኑር።
2. ለልጆች አስቀድመሽ አትንገሪ። ልጅ ምስጢር መያዝ አይችልም፤ ቢያመልጠውም ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብሎ ዕድሜ ልኩን ይሸከማል። መንገድ ላይ ስትሆኑ ብቻ በአጭሩ ንገሪያቸው።
3. ልጆች ትምህርት ቤት ካሉ ራስሽ አውጪያቸው፤ «ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላቸው» ማለት ይበቃል። አንዱን ልጅ «በኋላ እወስደዋለሁ» ብለሽ አትተዪ። እሱ ልጁን መደራደሪያ ያደርገዋል።
4. አሮጌውን ስልክ አጥፊና ሲሙን አውጪ፤ ማስረጃ ካለበት ለረዳትሽ ስጪያት።
5. ታክሲ ከሰፈርሽ ውጭ ያዢ፤ አንድ ጊዜ ቀይሪ።
6. ደብዳቤ ወይም መልእክት አትተዪለት። «የት እንደሄድኩ አትፈልግ» የሚል ወረቀት እንኳ ቶሎ መፈለግ ያስጀምረዋል።

ሳይታሰብ ቢመለስ፦ ቦርሳ ይዘሽ ከሆነ «ልብስ ለማጠቢያ» ወይም «ለዘመድ ሕፃን የማደርሰው» በዪ፤ መልሱን ከወዲሁ አዘጋጂ። አትሟገቺ። ዛሬ ቀርቶ ከነገ ወዲያ ይሁን።

## ደረጃ 8፦ ሆስፒታልና ፖሊስ

የትኛው ይቀድማል? ከቆሰልሽ፣ ከታነቅሽ ወይም ተገደሽ ከተደፈርሽ ሆስፒታል ይቅደም። ካልሆነ ፖሊስ ይቅደም፤ ሆስፒታሉ የሕክምና ማስረጃ የሚሰጥበትን ደብዳቤ የሚጽፈው እሱ ነው።

ሆስፒታል። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪም፣ አማካሪ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቦታ የሚገኙበት የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ፤ በሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም አለ። አስገድዶ መድፈር ካለ፦

- አትታጠቢ፣ ልብስሽን አትቀይሪ። ቀይረሽ ከሆነ የቀየርሽውን በወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ታጥበሽ ከሆነም ግን ሂጂ።
- የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። በፈጠነ መጠን ይሻላል።
- የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል፤ እሱም በፈጠነ መጠን ነው።

«የፖሊስ ደብዳቤ ካላመጣሽ አናክምም» ካሉሽ «ሕክምናውን አሁን ስጡኝ፣ ደብዳቤው ለማስረጃው ነው» በዪ፤ የሆስፒታሉን ማኅበራዊ ሠራተኛም አስጠሪ።

ፖሊስ ጣቢያ። የሴቶችና ሕፃናት ክፍልን ጠይቂ፤ ሴት መርማሪ መጠየቅም ትችያለሽ። ቃልሽን ከቅርቡ ጀምሪ፦ መጨረሻ መቼ፣ የት፣ በምን፣ የትኛው የሰውነት ክፍልሽ፣ ማን አየ፣ ምን ብሎ ዛተ። ከዚያ ወደ ቀድሞዎቹ ሂጂ። ከዓመታት በፊት ከጀመርሽ የቅርቡ ድብደባ በዝርዝር ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። ሳታነቢ ወይም ሳይነበብልሽ አትፈርሚ። ስትወጪ አራት ነገር ይዘሽ ውጪ፦ የምርመራ መዝገብ ቁጥር፣ የመርማሪው ስም፣ ስልክ ቁጥሩ፣ ለሆስፒታልና ለማረፊያ የሚሆኑ ደብዳቤዎች።

በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ወይም ያለጋብቻ እንደ ባልና ሚስት አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል ያደርጋል፤ ቅጣቱን በአካል ጉዳት አንቀጾች (ከ555 ጀምሮ) ያስኬደዋል። ቀላል ጉዳት የሚያስከስሰው በግል አቤቱታ ነው፤ አቤቱታውም በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። «ቆይቼ አስብበታለሁ» ስትዪ ይህ ጊዜ እንዳያልፍብሽ።

ጣቢያ ላይ የሚያጋጥሙ አራት ችግሮችና መልሳቸው፦

*«የቤት ጉዳይ ነው፣ ሂጂና ታረቂ።»* «አንቀጽ 564 ነው፤ አቤቱታዬ ይመዝገብልኝ» በዪ። ካልመዘገቡ የጣቢያውን ኃላፊ ጠይቂ፤ ከዚያ የክፍለ ከተማው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ዐቃቤ ሕግ ጋ ሂጂ፤ 7711 ደውዪ።

*«መጥሪያውን አንቺ አድርሺለት።»* በጭራሽ አትቀበዪ። ከሳሽን መጥሪያ አድራሽ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ለአንቺ ግን ከአደጋው ፊት መቆም ነው። ፖሊስ ራሱ ያድርስ።

*«ባልሽ ስለሆነ መድፈር አይባልም።»* አንቀጽ 620 የሚናገረው ከጋብቻ ውጭ ስለሚፈጸም መድፈር ስለሆነ መርማሪው ይህን ሊል ይችላል። ተመልሰሽ አትውጪ። ድብደባው፣ ቁስሉና ዛቻው በሌሎቹ አንቀጾች ያስከስሳሉ፤ እነሱ ይጻፉ። ሕክምናውንም አትተዪ።

*አሁን የምትኖሪበት አድራሻ ሲጠየቅ፦* መዝገቡን የእሱ ጠበቃ ሊያየው ይችላል። «በመርማሪው በኩል እገኛለሁ» ተብሎ ይመዝገብ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ በዋስ ሊወጣም ይችላል። ከሁሉ የበለጠ የሚናደደው ያን ቀን ነው። ስለዚህ መጥሪያው እሱ ጋ ከመድረሱ በፊት አንቺ ማረፊያ ገብተሽ መሆን አለበት። ደብዳቤውን ይዘሽ በዚያው ቀን ግቢ። «ነገ ጠዋት እገባለሁ፣ ዛሬ አክስቴ ጋ ልደር» የሚል ሐሳብ ይቅርብሽ።

## ደረጃ 9፦ ማረፊያ መግባትና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ሠራተኞቹ ከተስማማችሁበት ቦታ ይቀበሉሻል። ረዳትሽ እስከ በሩ አትሸኝሽ፤ እሷም አድራሻውን ባታውቅ ይሻላል።

መግቢያ ላይ ቃለ መጠይቅ አለ። ሕመምሽን፣ እርግዝናሽን፣ መድኃኒትሽን አትደብቂ። ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ከሆነም ንገሪያቸው፤ አያባርሩሽም፣ የምትተኚበትን ቦታና የሚከታተልሽን ሰው በዚያ መሠረት ይመድባሉ። ስልክሽን ተቀብለው ሊያስቀምጡት ይችላሉ፤ መውጣትና መግባትም ፈቃድ ይጠይቃል። አንዳንዷ «ከአንዱ እስር ወደ ሌላው ገባሁ» ትላለች። ደንቡ የሚጠብቀው አብረውሽ ያሉትን ሁሉ ነው፤ የአንዲት ሴት ስልክ ቦታውን ካሳየ የሚጋለጡት የሁሉም ልጆች ናቸው።

አገልግሎቱ ምግብና መኝታ፣ ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ምክር፣ የሕግ ክትትል፣ የሙያ ሥልጠና፣ በኋላም ራስን ለመቻል የሚሰጥ ድጋፍ ነው። ቆይታው ብዙውን ጊዜ በወራት የሚቆጠር ስለሆነ የሕግ ጉዳይሽን በመጀመሪያው ሳምንት አስጀምሪ።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ብዙዎች መመለስ ያምራቸዋል። ድንጋጤው ይበርዳል፣ ናፍቆት ይመጣል፣ «እናትሽ ታማለች» የሚል መልእክት በሰው በሰው ይደርሳል። ያኔ እንዲህ አድርጊ፦ ቤተሰብ ጋ መደወል ካስፈለገ በማረፊያው በኩል፣ ሠራተኛ ባለችበት፣ በአጭሩ ደውዪ። ሕመሙ እውነት መሆኑን ረዳትሽ ታጣራ። ድብደባውን በቀንና በሰዓት የጻፍሽበትን ደብተር አንብቢ። ለመመለስ ከወሰንሽ እንኳ ለአማካሪዋ ሳትነግሪ አትውጪ፤ ከእሷ ጋር ለዳግም መውጫ ዕቅድ አውጪ፣ ሰነድሽንም ውጭ አስቀምጪ። ተመልሳ የሄደች ሴት ዳግመኛ መምጣት ትችላለች።

## ደረጃ 10፦ ሽማግሌና ፍርድ ቤት

ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም። የነፍስ አባት ወይም የመስጊዱ ሼህ ሊላኩብሽ ይችላሉ፤ አክብሪያቸው። ነገር ግን፦

- ውይይቱ በማረፊያውም በእሱ ቤትም አይሁን፤ ጠበቃሽ ወይም አማካሪሽ ባለችበት ሌላ ቦታ ይሁን።
- «መጀመሪያ ክሱን አንሺ» ቢሉሽ እሺ አትበዪ። ክሱ ሲነሳ በእጅሽ ያለው ሁሉ ይሄዳል።
- ምንም ወረቀት በዚያው ቀን አትፈርሚ።

በአዲስ አበባ የፍቺና የቀለብ ጉዳይ የሚታየው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። አቤቱታው ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ የመጨረሻውን ውሳኔ ሳይጠብቅ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ስለ ንብረት አስተዳደር ጊዜያዊ ትዕዛዝ መስጠት ይችላል፤ ከሁለቱ አንዱ ከቤት እንዲወጣም ሊያዝ ይችላል። ይህ በአቤቱታው ላይ ተለይቶ ይጠየቅ። ቤቱ ወይም መኪናው እንዳይሸጥ የእግድ ጥያቄ አብሮ ይግባ፤ ብዙዎች ይህን ረስተው በኋላ ባዶ ቤት ይካፈላሉ። ለዳኝነት የምትከፍዪው ከሌለሽ በደሃ ደንብ ለመክሰስ አመልክቺ። ዳኛው ለእርቅ ጊዜ ሊሰጥ ሲል ድብደባ እንደነበረና የፖሊስ መዝገብ ቁጥሩን ተናገሪ።

ለችሎት ስትሄጂ ከሠራተኛ ጋር ሂጂ፤ ከእሱ ዘግይተሽ ግቢ፣ ቀድመሽም አትውጪ። ተከትሎ አድራሻውን የሚያገኝበት ዋናው ቀን የቀጠሮ ቀን ነው።

## ለረዳቷ

- «ለምን እስከ ዛሬ ቆየሽ?» ብለሽ አትጠይቂያት። «አምንሻለሁ፣ ምን ልያዝልሽ?» በያት።
- እሱን አታናግሪው፤ ለማስፈራራትም ለመምከርም። መምታቱን ነገረችሽ ብሎ የሚበቀለው እሷን ነው።
- እሱ ቤትሽን የሚያውቅ ከሆነ አታሳድሪያት።
- ከጠፋች በኋላ ወደ አንቺ ሲመጣ ከበር ሳታስገቢ «አላየኋትም፣ እኔም ልፈልጋት ነው» በዪ፤ ዛቻ ከጀመረ 991።
- ፎቶዋን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አታውጪ፤ «ፍትሕ ለእህታችን» ብለሽም ቢሆን፣ እሷ ካልፈቀደች።

## ደረጃ 11፦ ከማረፊያ ስትወጪ

ቤት የምትከራዪው ከቀድሞው ክፍለ ከተማ ርቀሽ፣ ከተቻለ ግቢው ውስጥ አከራይ ወይም ሌላ ተከራይ ያለበት ይሁን። ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ስታወጪ ወዴት እንደምትዛወሪ ይጻፋል፤ የልጆች የትምህርት ቤት መሸኛም እንዲሁ። ሁለቱንም ራስሽ አትጠይቂ፤ የማረፊያው ማኅበራዊ ሠራተኛ በወረዳው የሴቶች ጽሕፈት ቤት በኩል ታስጨርስልሽ። ለአዲሱ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ልጆቹን ማን እንደሚወስድ በጽሑፍ ስጪ፤ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካለሽ ቅጂውን አያይዢ። ያለ ትዕዛዝ አባትን መከልከል ለትምህርት ቤቱ ይከብደዋል።

የመርማሪውን፣ የጠበቃሽንና የማረፊያውን ስልክ በወረቀት ጽፈሽ ከቤት ውጭም አንድ ቅጂ አስቀምጪ። ከማረፊያው ጋር ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የምትደዋወሉበት ቋሚ ቀን ያዙ፤ በዚያ ቀን ካልደወልሽ ማንን እንደሚያነጋግሩ፣ ፖሊስም መቼ እንደሚጠሩ አብራችሁ ወስኑ።